እንኳን አደረሳችሁ፣ ተነስቼ መሳም ግን አልችልም

እንኳን አደረሳችሁ! ይህን የምጽፍላችሁ እግሬን ሶፋ ላይ ሰቅዬ ነው። ጠዋት አበባ የያዙ ልጆች በር ላይ ሲዘፍኑ ተነስቼ በሩ ጋ እስክደርስ ጎረቤት ቤት ገብተዋል።

ትናንት ማራቶን ሮጬ ነው። ጳጉሜ 5ን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነበር፤ ማግስቱ እንቁጣጣሽ። እሱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጀበት። እኔ ጫማ አድርጌ 4 ሰዓት ከ38። በሱሉልታ ከፍታ አመካኝቼ ልለፈው።

የሮጥኩት እማዬን ላስታመሙልን የሆስፒስ ነርሶች፣ የማይድን በሽተኛን ቤቱ ድረስ ሄደው ለሚያስታምሙት፣ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። አምና ይሄኔ እማዬ ነበረች። ካንሰሩ አጥንቷ ገብቶ፣ ሐኪሞቹ "ቤቷ ብትሆን ይሻላል" ብለው ሸኝተውን ነበር። ጠያቂው ሁሉ ይመጣና "ቻይው እንግዲህ" ብሎ ይሄዳል። እኔም እላት ነበር። ሌላ ምን ልበል?

ቻይው ያላለቻት ሲስተር ብቻ ናት። ታክሲ ከሚያቆምበት እኛ ቤት ድረስ ጭቃ ነው። ቡትስ አድርጋ፣ ነጠላ ጫማዋን በፌስታል ይዛ ትመጣና በር ላይ ትቀይራለች። አልጋው ጫፍ ቁጭ ብላ "እማማ፣ ዛሬ ስንት ነው?" ትላለች። መልሱ በእጅ ነው። ጭብጥ ከሆነ ህመም የለም። አምስቱም ጣት ከተዘረጋ ከዚያ የባሰ የለም። የመጀመሪያው ቀን እማዬ አምስቱንም ዘረጋች። ከዚያ ሌላኛውን እጇን ጨመረች።

ሲስተር የህመም ማስታገሻውን ፈሳሽ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ እንዴት እየለካን እንደምንሰጣት አሳየችን። አክስቴ "ሱስ ልታስይዟት ነው!" ብላ ቤቱን ቀወጠችው። በሳምንቱ እማዬ ሁለት ጣት አሳየችን። ቡና አስፈላች። ወጡንም "ሽንኩርቱ አልበሰለም" ብላ ነቀፈች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥር ላይ አረፈች። እጇ ጭብጥ ነበር።

ትናንት ከጫንጮ መልስ፣ 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዝናቡ ወረደብኝ። ታናሽ ወንድሜ በብስክሌት ከጎኔ ነበር። "ስንት?" አለኝ። አራት ጣት አወጣሁ። ምንም ሳይል በሶውን አቀበለኝ። ሰዓቴ 4 ሲሞላ የእማዬ መድኃኒት ሰዓት ትዝ አለኝ። ለካ 4 ሰዓት እንዲህ ረጅም ነው።

ለኪሎ ሜትር 50 ብር የከፈላችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። 42 ብር በዝርዝር ቆጥረው "195 ሜትሯን በዱቤ ያዛት" ያሉኝ ባለሱቋ እትዬ፣ ይዣታለሁ። ቃል ገብታችሁ የጠፋችሁ ጓደኞቼ፣ እናንተንም እንኳን አደረሳችሁ፤ የቴሌብር ቁጥሬ ያው ነው። አክስቴ፣ በመጨረሻዎቹ ሌሊቶች እኛ ስንተኛ ስልክሽን ሞልተሽ በየ4 ሰዓቱ የተነሳሽው አንቺ ነሽ። አልረሳውም።

ሲስተር፣ ጠዋት እንኳን አደረሰሽ ልልሽ ብደውል "ቆይ፣ ሰው በር ላይ ነኝ፣ ጫማ እየቀየርኩ ነው" አልሽኝ። ጭቃው ቶሎ ይድረቅልሽ።