ለሥራ የምትሆን ሰንጢ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ቸርችል ጎዳና አጠገብ ባለው መጋዘናችን የወረቀት ካርቶኖችን ስከፍት፣ ለወራት ያገለገለችኝ ሰንጢ ድንገት ታጥፋ ጠቋሚ ጣቴን ቆረጠችኝ። ቁስሉ ቀላል ቢሆንም፣ ስለቷ ሲዘረጋ ጸንቶ የሚያቆመው መቆለፊያ እንደሌላት ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ መርካቶ ሄድኩ። አንድ አዛውንት ነጋዴ፣ «ልጄ፣ ዘርግተህ ጀርባዋን በመዳፍህ ጫን በላት፤ ከተነቃነቀች ተዋት» አሉኝ፤ እንዳሉኝም ሳደርግ፣ በማብለጭለጯ ዓይኔን የሳበችው ሰንጢ ከሥሯ ተወዛወዘች። ጥሩ መቆለፊያ የግድ ውድ መሆን የለበትም፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1890 የተጀመረው ኦፒኔል የተባለው የፈረንሳይ ሰንጢ እንኳ፣ ከ1955 ወዲህ ስለቱን የሚያጸናው በእጅ በሚዞር ተራ የብረት ቀለበት ነው።

ካርቦን የበዛበት ብረት በቀላሉ የሚሳል ቢሆንም ካልደረቀ ስለሚዝግ፣ ለክረምታችን በማሰብ የማይዝገውን መረጥኩ። ስለቷ 7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለካርቶንና ለሲባጎ ከዚህ የረዘመ አያስፈልግም። እጀታዋ እንጨት ሲሆን፣ መዳፌ ውስጥ ሳይንሸራተት ሞልቶ ይያዛል። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ ብዙም አልበለጠም። አሁን፣ ጣቴ በፋሻ እንደታሰረ፣ በእርጥብ ሞረድ ቀስ እያልኩ እየሳልኳት ነው።