የአራስ ሕፃን ስኳር 52 ሲነበብ፦ ግሉኮሜትርን ምን ያህል እንመነው?

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚዞረው ግሉኮሜትር (የደም ስኳር መለኪያ መሣሪያ) ሲሠራ በዋናነት የታሰበው ለአዋቂ የስኳር ሕሙማን ነው። ለአዋቂ የ210 ሚ.ግ/ዴ.ሊ (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ስኳር 225 ተብሎ ቢነበብ የሚቀየር ነገር የለም። ለአራስ ግን 38 እና 53 ሕክምና በመጀመርና ባለመጀመር መካከል ያሉ ቁጥሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. የ2013ቱ አይኤስኦ 15197፣ ማለትም የግሉኮሜትሮች ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ስኳሩ ከ100 ሚ.ግ/ዴ.ሊ በታች ሲሆን የ15 ሚ.ግ መብለጥ ወይም ማነስን ይፈቅዳል፤ ያውም ከመቶው ንባብ 95ቱ በዚህ ውስጥ ከገባ ይበቃል። እውነተኛ ስኳሩ 40 ለሆነ ሕፃን 55 ያሳየ መሣሪያ ደንቡን አልጣሰም ማለት ነው።

አርቢኤሱ (የስኳር ንባቡ) ዝቅ ብሎ ሲመጣ ሁሉም ይደነግጣል፣ ይደግማል፣ ያክማል። የሚያሳስበኝ 50 እና 55 ነው፤ ፋይል ላይ ተጽፎ ይታለፋልና። ስለዚህ ንባቡን ያለ አግባብ ከፍ የሚያደርጉትን ነገሮች ማወቅ ይቀድማል።

አንደኛው የፈሰሰ ግሉኮስ ነው። 10 በመቶ ግሉኮስ በዴሲሊትር 10,000 ሚ.ግ ይይዛል። ስትሪፑ (ግሉኮሜትሩ ላይ የሚሰካው የደም መቀበያ ቁራጭ) የሚስበው ደም አንድ ማይክሮሊትር ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ ውስጥ አንድ መቶኛው ብቻ ግሉኮስ ቢሆን ንባቡ በ100 ገደማ ያሻቅባል። 40 በመቶ ግሉኮስ ሲቀዳ የነካው ጓንት ሳይለወጥ ተረከዝ ከተያዘ፣ 30 የነበረው 130 ሆኖ ይወጣል። ግሉኮስ ከሚገባበት እጅ ወይም እግርም ናሙና አይወሰድም። የደም ማነስ ያለበት ሕፃን ንባብም ከእውነቱ ከፍ ይላል። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ በተባለ ኢንዛይም የሚሠሩ ስትሪፖች ደግሞ የደሙ ኦክስጅን ሲያንስ ከፍ፣ ሲበዛ ዝቅ አድርገው ያነባሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የስትሪፑ ማኑዋል የሚፈቅደውን ከፍታና የሄማቶክሪት (የቀይ ሕዋሳት ድርሻ በደም ውስጥ፣ በመቶ) ወሰን ማንበብ ትርፍ ሥራ አይደለም።

በተቃራኒው፣ ወፍራም ደም ንባቡን ዝቅ ያደርጋል። ሄማቶክሪቱ 65 የሆነ አራስ ብዙ ስትሪፖች ከተፈተኑበት ወሰን ጫፍ ላይ ነው። የቀዘቀዘና የጠቆረ ተረከዝም ደሙ ስለማይንቀሳቀስ ያታልላል። እግሩን ለ3 እስከ 5 ደቂቃ ማሞቅ፣ በአልኮል መጥረግ፣ አልኮሉ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ የተረከዙን ጎን መውጋት፣ የመጀመሪያውን ጠብታ በደረቅ ጎዝ ማንሳት፣ ከዚያ በራሱ የሚወጣውን ጠብታ ለስትሪፑ ማቅረብ። እግሩ ሲጨመቅ የሕብረ ሕዋስ ፈሳሽ ከደሙ ጋር ይቀላቀላል፣ ቀይ የደም ሕዋሳትም ይፈርሳሉ።

ታዲያ ላብራቶሪ ይላክ? አዎ፣ ግን እሱም ይዋሻል። ቱቦው ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ሕዋሳቱ ስኳሩን መብላታቸውን አያቆሙም፤ በአራስ ደም ደግሞ በሰዓት ከ15 ሚ.ግ በላይ ሊወርድ ይችላል። ይህን የሚገታ ፍሎራይድ ያለበት ግራጫ ክዳን ቱቦ ይረዳል፤ ሆኖም ፍሎራይዱ ሙሉ በሙሉ እስኪሠራ አንድ ሁለት ሰዓት ስለሚወስድ፣ በበረዶ ላይ አድርጎ ቶሎ ማድረስ ያስፈልጋል። ስኳርንም የሚለካ የደም ጋዝ ማሽን ካለ ከሁለቱም ይመረጣል።

ለመወሰን እኔ የምመርጠው መንገድ ይህ ነው። ከ45 በታች ከሆነ ለላብራቶሪ ናሙና ውሰድና ውጤቱን ሳትጠብቅ እርምጃ ጀምር፦ ምልክት የሌለውንና መጥባት የሚችለውን ወዲያው አጥባ፤ ከ25 በታች ለሆነው ወይም ምልክት ላለበት 10 በመቶ ግሉኮስ 2 ሚ.ሊ በኪሎ በደም ሥር ስጥ፣ ከዚያም ተከታታይ ፈሳሽ አስከትል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ድገም። ከ45 እስከ 60 ሆኖ ሕፃኑ ከተንቀጠቀጠ፣ ከፈዘዘ ወይም አልጠባም ካለ ቁጥሩን አትመን፤ ተረከዙን እንደገና አጽድተህ ድገምና ላብራቶሪ ላክ። መሣሪያው ‹‹ኤልኦ›› (LO፣ ዝቅተኛ) ሲል ብልሽት አይደለም፤ በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ከ20 በታች ማለት ነው።

10 በመቶ ከሌለ፣ 10 ሚ.ሊ የ40 በመቶ ግሉኮስ በ30 ሚ.ሊ ለመርፌ በሚሆን ንጹሕ ውኃ ይበረዛል። በውኃው ፋንታ በ5 በመቶ ግሉኮስ የሚበረዝ ከሆነ 10 ሚ.ሊ የ40 በመቶው ለ60 ሚ.ሊ የ5 በመቶው ነው። መሣሪያው በሚሊሞል የሚያነብ ከሆነ ደግሞ 2.5 ማለት 45 ነው፤ በ18 ማባዛት ነው።

የስትሪፑ ጣሳ ክዳን ክፍት ከቆየ እርጥበት ኬሚካሉን ያበላሸዋል። የተከፈተበትን ቀን ጣሳው ላይ መጻፍና አዲስ ጣሳ ሲከፈት የስኳር መጠኑ በታወቀ ኮንትሮል ፈሳሽ፣ በተለይ በዝቅተኛው፣ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ የከፍተኛው ኮንትሮል ማለፍ ስለ 40 የሚነግረን ጥቂት ነው።