8 ሰዓት ሳይሞላ፦ በፈረንሳይ ገጠር ምግብ ቤቶች

የመጀመሪያው ምሳችን በር ላይ ቀረ።

ከሊዮን ዘግየት ብለን ተነስተን «ለ ፑይ» ወደምትባል ከተማ እየሄድን ነበር። የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ነው። ሊዮን ከገባ 11 ዓመቱ ነው፤ ቋንቋውንም ሰዉንም ያውቃል። ከዋናው መንገድ ወጣ ብለን አንዲት ትንሽ መንደር አገኘን። ቤተ ክርስቲያን፣ የድንጋይ ምንጭ፣ ከምንጩ ፊት ለፊት ምግብ ቤት። በሩ ክፍት ነው። ውስጥ ሰዎች ቡናቸውን ይጠጣሉ። ሴትዮዋ ግን ገና ወንበር ሳንስብ ራሷን ነቀነቀች። ወጥ ቤቱ ተዘግቷል።

ሰዓቴን አየሁ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ነው።

«እንቁላል እንኳ አይጠበስም?» አልኩት።

«አይሆንም እትዬ። እዚህ አገር ምሳ ከ6 እስከ 8 ነው። ገጠር ሲሆን ደግሞ ከ7 ተኩል በኋላ የመጣ ሰው ዕድሉን ይሞክራል።»

በጣም ተናደድኩ። እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። ከደሴ የሚመጣ ሹፌር ከሌሊቱ 5 ሰዓት ቢያንኳኳ ተነስታ ሽሮ ትጥድለት ነበር። የተራበ ሰው ከበር ተመለሰ ሲባል በቤታችን ሰምቼ አላውቅም። እዚህ ግን ምድጃው ገና ትኩስ ነው፣ እኛ ደግሞ ርቦናል።

መኪና ውስጥ ሙዝና ብስኩት በላን። የአክስቴ ልጅ እየነዳ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ብዙ ቦታ ባል ያበስላል፣ ሚስት ታስተናግዳለች፣ ሌላ ሰው የለም። ጠዋት የሚገዙት ለዕለቱ የሚበቃ ነው። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈው ካለቀ አለቀ። ሰማሁት፤ ግን አልተዋጠልኝም።

ማታ ለ ፑይ ደረስን። እዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ሰላጣ አዘዝኩ፤ ሥጋ እንደሌለበት አስጠየቅኩ። የለውም ተባልኩ። ሲመጣ ከላዩ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ቁርጥራጭ ተበትኖበታል። ላርዶን ይሉታል። ለካ እነሱ ዘንድ ላርዶን እንደ ማጣፈጫ ነው እንጂ ሥጋ ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ ፈረንሳይ ገጠር የምትሄዱ ወገኖቼ፣ «ሥጋ አለው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ላርዶን አለው ወይ?» በሉ።

ማግስቱ ረቡዕ ነበር። የአክስቴ ልጅ መንገደኛ አይጾምም አለኝ። እኔ ግን ይህን ያህል አልደከመኝም። ሶግ ከተማ አካባቢ አንዲት መንደር ውስጥ ያለ ምግብ ቤት 6 ሰዓት ከ10 ላይ ገባን። ቀድመን በመድረሳችን ራሴን ኩሩ ሆኖ አገኘሁት።

ይህ መንገድ ወደ ስፔን፣ ወደ ሐዋርያው ያዕቆብ መካነ መቃብር የሚሄዱ ተሳላሚዎች ለዘመናት የሚጓዙበት ነው። ቤቱ ውስጥ ቦርሳቸውን ግድግዳ ሥር የደረደሩ እግረኞች አሉ። የመንገድ ሥራ ልብስ የለበሱ ወጣቶችም አሉ። የሚገባ ሰው ሁሉ ለቤቱ በሙሉ «ቦንዡር» ይላል። የሚወጣውም በየጠረጴዛው ሲያልፍ ለማያውቀው ሰው «ቦን አፔቲ» ይላል፤ መልካም ምግብ ይሁንላችሁ ማለት ነው። እኛ ዘንድ የሚበላው ሰው ነው ያለፈውን «እንብላ» የሚለው። እዚህ መራቂው አላፊው ነው። ደስ አለኝ።

ባለቤቷ ወደ 60 የሚጠጉ፣ መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሴት ናቸው። የአክስቴ ልጅ ስለ ጾሜ ነገራቸው። ሥጋ የለም። ወተት የለም። አይብ የለም። ቅቤና እንቁላልም የለም። እያንዳንዱን በጣታቸው ቆጠሩ። ፊታቸው ላይ መሰልቸት እስኪመጣ ጠበቅኩ። አልመጣም። አያታቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበሉም እንደነበር ነገሩን። ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ።

ይዘው የመጡት ምስር ነው። የለ ፑይ ምስር ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ ቆዳው ስስ ነው። እሳተ ገሞራ በተፋው አፈር ላይ ይበቅላል፤ ስሙም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ሌላ ቦታ የበቀለ ምስር በዚያ ስም አይሸጥም። ሰሌዳው ላይ ያለው ከአሳማ ጋር የሚቀርበው ነበር። ለእኔ ግን ድፍኑን ቀቅለው፣ ቀዝቀዝ አድርገው፣ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ኮምጣጤና ሰናፍጭ ለውሰውበታል።

አንድ ጊዜ ጎረስኩና ማንኪያውን አስቀመጥኩ። አዚፋ ነው! ቃሪያው ብቻ ቀረ እንጂ እናቴ በዓቢይ ጾም የምትሠራው አዚፋ ነው። ሰናፍጩ አፍንጫ ላይ ሲወጣ ሳይቀር ያው ነው። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ የእናቴን ድስት አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ቦርሳዬ ውስጥ ሚጥሚጣ ነበረኝ። ትንሽ ነስንሼ ለሴትዮዋም ሰጠኋቸው። መዳፋቸው ላይ አድርገው ቀመሱት። ዝም አሉ። ከዚያ ባላቸውን ከጓዳ ጠሩና እሳቸውንም አስቀመሱ። ሙሉውን ብልቃጥ ትቼላቸው ወጣሁ። ሰሌዳው ላይ ምሳው 15 ዩሮ ከ50 ነበር፤ ከእኔ 9 ዩሮ ብቻ ወሰዱ። ቡናው በእኛ ነው አሉ።

ማርዠሪድ የሚባለውን ደን የለበሰ ተራራ በጭጋግ ውስጥ አለፍነው፤ ምንም አላየሁም።

ሐሙስ ኦብራክ ደረስን። ስለ ኦብራክ ብዙ መጻፍ እችላለሁ፤ አገሬን ስለሚመስል። ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ነው። ዛፍ የለውም ማለት ይቻላል። ሜዳው የድንጋይ ካብ፣ ሣርና ነፋስ ነው። የመንዝን ሜዳ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ላሞቹ የስንዴ ቀለም አላቸው። ዓይናቸው ዙሪያ ግን ጥቁር ነው፣ ኩል የተኳሉ ይመስላሉ። እዚህ በ12ኛው መቶ ዘመን የተመሠረተ የመንገደኞች ማረፊያ ገዳም ነበር። በጭጋግና በበረዶ ጊዜ የጠፋ ሰው ድምፁን ተከትሎ እንዲመጣ ደወል ይደወል ነበር። መነኮሳቱ ለተራበ መንገደኛ ዳቦና አይብ አቅልጠው ያበሉ ነበር ይባላል። ድንች ከመጣ በኋላ በዳቦው ፋንታ ድንች ገባ። የዛሬው አሊጎ ይኸው ነው።

አሊጎ የተፈጨ ድንች፣ ገና ያልቆየ አዲስ አይብ፣ ቅቤ፣ ክሬምና ነጭ ሽንኩርት ነው። አሠራሩን ያየሁት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆኜ ነው። አንድ ጎረምሳ ትልቅ ድስት በእግሮቹ መሃል አድርጎ በእንጨት ማማሰያ ያማስላል። ልክ እንደ ገንፎ። ላቡ ይንጠባጠባል። ማማሰያውን ሲያነሳው አሊጎው እንደ ነጠላ ጥለት ተስቦ ይወጣል፤ አይበጠስም። ያኔ ደረሰ ማለት ነው።

ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ቋሊማ ጋር ይቀርባል። እኔ የአካባቢውን የበሬ ሥጋ ጠየቅኩ፤ 24 ዩሮ ነው። ሥጋው ጥሩ ነበር። ግን ልቤን የወሰደው ሌላ ነው። ጎረምሳው ድስቱን ተሸክሞ በየጠረጴዛው ዞረ። ሳህኔ ገና ግማሽ ነው። ጨመረልኝ። በቃኝ ስል ከት ብሎ ሳቀና ትንሽ ደገመኝ። ፈረንሳይ ከገባሁ ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ሳህን ላይ አቀርቅሮ ሲበላ ማየት ከብዶኝ ነበር። እዚያች ቤት ውስጥ ግን ሁላችንም ከአንድ ድስት በላን። ውጭው ይበርዳል፣ መስኮቱ ላብ አውጥቷል። ለመነሳት አልፈለግኩም።

ዓርብን በዳቦ፣ በቲማቲምና በወይን ፍሬ አሳለፍን።

ቅዳሜ ወደ ቆላው ወርደን ወንዝ ዳር ያለች በጣም ቆንጆ መንደር ገባን። ቱሪስቱ ብዙ ነው። ምግብ ቤቱንም መንደሩንም ስማቸውን አልጠቅስም። አስተናጋጁ ሳንጠይቀው የጠርሙስ ውሃ ከፍቶ ቀዳልን። ሲያልቅ ሌላ ደገመ። ሂሳቡ ሲመጣ ሁለት ጠርሙስ ውሃ 13 ዩሮ። በጠቅላላው 71 ዩሮ ከፈልን፤ ምግቡም ደግሞ ለብ ያለ ነበር።

የገንዘቡን ያህል የቆጨኝ ውሃው ነው። እናቴ ቤት ውሃ አይሸጥም ነበር። መንገደኛ ገና ሳይቀመጥ በጣሳ ይሰጠዋል። ደግሞ የፈረንሳይም ሕግ ከእኛ ጋር ነው። ምግብ ላዘዘ ሰው የቧንቧ ውሃ በነፃ ይቀርባል። ምግብ ቤቶችም ይህን ለደንበኛ ማሳወቅ አለባቸው። «ካራፍ ዶ» ማለት ብቻ ይበቃል፣ በብርጭቆ ማንቆርቆሪያ ይመጣላችኋል። የመስተንግዶውም ዋጋ ሜኑው ላይ ካለው ሂሳብ ውስጥ ነው። ጉርሻ ስላልተዋችሁ ማንም አይቀየማችሁም። የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ እያወቀ ወሬ ላይ ሆኖ ዘነጋው። ሊከራከር ተነሳ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።

እሑድ ኮንክ የምትባለውን መንደር አየን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያምራል። ማታው ግን ክፉ ነበር። ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ እራት አይሠራም። የመጀመሪያው ምግብ ቤት ዝግ ነው። ሁለተኛውም ዝግ። በጨለማ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነዳን። እሑድ ማታና ሰኞ አብዛኛው የገጠር ምግብ ቤት አይከፍትም፤ ዳቦ ቤቱም ያው። በመጨረሻ አንድ አደባባይ ላይ ብቻዋን የምታበራ የፒዛ ማሽን አገኘን። ካርድ ታስገባለህ፣ አሙቃ ትሰጥሃለች። የቀሩት ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ሁለቱም አሳማ አለባቸው። የአክስቴ ልጅም «አንቺ ሳትበይ አልበላም» ብሎ ካርዱን መለሰ። ያንን አልረሳለትም። አንድ ፖም ለሁለት ተካፍለን ተኛን። ማሞቂያው አይሠራም ነበር። እስኪነጋ እግሬ አልሞቀም።

ሰኞ ጠዋት የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት፣ ከሮዴዝ ከተማ በስተሰሜን ባለች መንደር ሰኞም የሚከፍት ቤት እንዳለ ነገረን። 6 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው በሩ ላይ ቆመናል።

ቤቱ ምግብ ቤት ብቻ አይደለም። ዳቦ ይሸጣል። ጋዜጣና የጋዝ ሲሊንደር ይሸጣል። የፖስታ ዕቃም ይቀበላል። አጠገባችን የተቀመጡ አዛውንት ገበሬ ታሪኩን ነገሩን። የቀድሞው ባለቤት ጡረታ ሲወጣ ቤቱ ሦስት ዓመት ተዘጋ። በዚያ ጊዜ የመንደሩ ሰው የሚገናኘው ቀብር ላይ ነበር። ከዚያ የከንቲባው ጽሕፈት ቤት ቤቱን ገዝቶ ለእነዚህ ባልና ሚስት አከራያቸው። በብዙ የፈረንሳይ መንደሮች እንዲህ እየተደረገ ነው። የመጨረሻው ምግብ ቤት ሲዘጋ መንደሩ ምን እንደሚሆን አይተውታል። ስሰማ እናቴ ስታርፍ የተዘጋው በራችን ታወሰኝ። ሹፌሮቹ ለወራት ቆም እያሉ ያዩት ነበር።

የዕለቱ ምግብ ፖ ቶ ፌ ነው። ቅቅል በሉት። የበሬ ሥጋ ከአጥንቱ፣ ካሮት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ድንች። መረቁ ቀድሞ ይመጣል፣ ሥጋው ለብቻው ከሰናፍጭ ጋር። ከዚያ አይብ። ከዚያ የፖም ኬክ። ማንም አይቸኩልም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ያስመዘገቡት አንድን ወጥ ሳይሆን ይህን አብሮ የመቀመጥ ሥርዓት ነው። የመንገድ ሠራተኛውም ከንቲባውም በዚያው ተርታ፣ በዚያው 15 ዩሮ ይበላሉ። አዛውንቱ መረቃቸው ሊያልቅ ሲል ቀይ ወይን ጨመሩበት፣ ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንስተው ጠጡት። አባታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር አሉ። ከኪሳቸው ያወጡትን ሴንጢ በዳቦ ጠርገው አጠፉና «ቦን አፔቲ» ብለውን ወጡ።

8 ሰዓት ከ10 ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ገቡ። የመኪናቸው ታርጋ የሌላ አገር ነው። ባለቤቷ ራሷን ነቀነቀች። ሰውየው ሰዓቱን አየ። ፊቱን አወቅኩት። ሁለት ዳቦ ሸጠችላቸው፣ ሄዱ።

ሂሳባችንን ጠረጴዛው ላይ ባለው ወረቀት ላይ ጻፈችልን፦ 30 ዩሮ። ከዚያ ሽርጧን ፈታች። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ለዳቦ ገዢ ስትቆም ነው የዋለችው። ባሏ ከጓዳ ድስት ይዞ ወጣ። በወጥ ቤቱ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዳቦውን ቆርሶ ሰጣት።

እናቴ ከእኛ ጋር ተቀምጣ ምሳ የበላችበትን ቀን ላስታውስ ሞከርኩ። ቆማ፣ ምድጃው አጠገብ ትጎርስ ነበር። በር ሲንኳኳ ትተወዋለች።

ተነሳን። በአጠገባቸው ስናልፍ «ቦን አፔቲ» አልኳቸው። ሴትዮዋ አፏ ሙሉ ስለነበር በእጇ አመሰገነችኝ።