ሚዛኑ አልወርድ ሲል

ክብደት መቀነስ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ «ሦስት ኪሎ ወረደልኝ» ብሎ ያበሥራል፤ ወር ሳይሞላው ደግሞ «የእኔ ሰውነት እንቢ ብሏል» ብሎ ወደ ቀድሞ አበላሉ ይመለሳል። ይህንን በዘመድም በሥራ ባልደረባም ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ስሜቱንም በራሴ አውቀዋለሁ። በዚህ ጊዜ ሁሉም የሚለግሰው ምክር «ታገሥ» የሚል ነው። ምክሩ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ነገር መቼ እንደሚደርስ ያልተነገረው ሰው በምን ልክ ይታገሣል? ከአዲስ አበባ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ አውቶቡሱ ማታ እንደሚገባ ካወቀ ደብረ ማርቆስ ላይ ሲደርስ «ገና ነው እንዴ?» ብሎ አይቆጣም። ክብደት ስንቀንስ የሚያስቆጣን ግን መድረሻ ሰዓቱን ማንም በትክክል ስላልነገረን ይመስለኛል።

እኔን ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ የሦስት ወር ስኳር የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ውጤቴ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ስለወደቀ፣ ሐኪሙ ገና የስኳር ሕመምተኛ እንዳልሆንኩ፣ ሆኖም ደጃፉ ላይ እንደቆምኩ አስረዳኝ፤ ከክብደቴም ሰባት በመቶውን እንድቀንስ አዘዘኝ። ቁጥሩ ከጠበቅሁት በታች ስለነበረ ሐኪሙ ያዘነልኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመው የአሜሪካ የስኳር ሕመም መከላከያ ጥናት ለበሽታው የተቃረቡ 3,234 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ቡድን ክብደቱን በሰባት በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። የቡድኑ አማካይ ቅነሳ ስድስት ኪሎ እንኳ አልሞላም፤ ያም ሆኖ ወደ ሦስት ዓመት በተጠጋው ክትትል ውስጥ በስኳር ሕመም የመያዝ ዕድሉ፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሲወስድ ከነበረው ቡድን በ58 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ማንም ጎረቤት ልብ የማይለው ቅነሳ በሽታን ያህል ነገር ሊያዘገይ መቻሉ፣ ስለ «ትንሽ» ያለኝን ግምት ለውጦታል።

ስለ መጀመሪያው ሳምንት ልናገር፤ የብዙ ሰው ብስጭት የሚወለደው እዚያ ነውና። ጉበታችንና ጡንቻዎቻችን ከምንበላው እንጀራ፣ ዳቦና ስኳር የተወሰነውን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻሉ። ክምችቱ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ግን ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ሰው ምግቡን በድንገት ሲቀንስ ሰውነቱ መጀመሪያ የሚጠቀመው ይህንን ስንቅ ነው፤ ስንቁ ሲያልቅም አብሮት የነበረው ውኃ በሽንት ይወጣል። በዚህ መንገድ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድም ሁለትም ኪሎ ሊወርድ ይችላል፤ ከዚያ ውስጥ ስብ የሆነው ግን እምብዛም ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የሚወጣ ትርፍ ውኃ ስለሌለ ሚዛኑ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰውየው የመጀመሪያውን ሳምንት የራሱ ትክክለኛ ፍጥነት አድርጎ ስለቆጠረው፣ እውነተኛው የስብ ቅነሳ በሚካሄድበት ጊዜ ቆምኩ ይላል።

እውነተኛው ፍጥነት ታዲያ ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ1958 ማክስ ዊሽኖፍስኪ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ያወጣው ስሌት ዛሬም በየስፖርት ቤቱ ይነገራል፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ለማጥፋት 7,700 ካሎሪ ያህል መጉደል አለበት የሚለው ማለት ነው። በየቀኑ ከምግባችን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ማለትም 240 ካሎሪ ገደማ ብንቀንስ፣ በዚህ ስሌት በወር አንድ ኪሎ፣ በዓመት 11 ኪሎ እንቀንሳለን። ስሌቱ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ የቀነሰ ሰውነት ከቀድሞው ያነሰ ጉልበት ስለሚፈጅ ጉድለቱ በየወሩ እየጠበበ ይሄዳል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው ኬቨን ሆል ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 በላንሴት መጽሔት ያወጣው ስሌት ይህንን አካትቷል። እንደ እነርሱ አቆጣጠር ያው 240 ካሎሪ በመጨረሻ አሥር ኪሎ ያህል ያስቀንሳል፤ ግማሹ የሚወርደው ግን በመጀመሪያው ዓመት ሲሆን፣ ወደ ሙሉው ለመጠጋት ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ይህንን ባነበብኩ ጊዜ ከመከፋት ይልቅ እፎይታ ተሰማኝ። በዓመት አምስት ኪሎ ማለት በወር ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ «ዘገየ» ብዬ የምማረርበት ፍጥነት ለካ ሕጉ ራሱ ነበር።

ይህ ፍጥነት ወደ ቀን ሲመነዘር አሥራ አራት ግራም ገደማ ነው። በሌላ በኩል የማንኛችንም ክብደት ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ኪሎና ከዚያም በላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሁለት ጠርሙስ የአምቦ ውኃ የጠጣ ሰው የጠጣውን ያህል ይከብዳል፤ ጨው የበዛበት ወጥ የበላ ሰው እስከ ማግስቱ ውኃ ይዞ ይቆያል፤ ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሲቃረብ የሚያዝ ውኃ ያለ ስብ ሚዛናቸውን ያነሣዋል። አሥራ አራት ግራምን በዚህ ሁሉ መወዛወዝ ውስጥ በአንድ ቀን ለማየት መሞከር ከንቱ ነው። በአስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግተው በጥቂት ብር የሚመዝኑትን ልጆች እወዳቸዋለሁ፤ ከቢሮ ስወጣም እመዘንላቸዋለሁ። ሆኖም ጫማና ጃኬት ለብሼ፣ ከምሳ በኋላ፣ በተዛነፈ የእግረኛ መንገድ ላይ በተቀመጠ ሚዛን ያየሁትን ቁጥር ባለፈው ሳምንት በሌላ ሠፈር ካየሁት ጋር አስተያይቶ ማዘን ተገቢ አይደለም። በዚያው ሚዛን፣ ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ ቁርስ ሳይቀመስ የተለካ ቁጥር ብቻ ነው እርስ በርሱ ሊነጻጸር የሚገባው።

በእኛ አገር ከዚህ ሁሉ በላይ ስሌቱን የሚያመሰቃቅለው ጾምና ፍስክ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ብዙ ሰውም ሥጋና ቅቤ ለሁለት ወር ያህል ትቶ አንድ ኪሎ እንኳ ባለመቀነሱ ይገረማል። ምክንያቱን ድስቱ ውስጥ ማየት ይቻላል። ዘይት በግራም ሲሰላ ከቅቤ የበለጠ እንጂ ያነሰ ካሎሪ የለውም፤ የጾም ሽሮ ደግሞ ዘይቱ ከላይ ካልተንሳፈፈ ያልበሰለ የሚመስላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ከበያይነቱ በፊት ሁለት ሳምቡሳና አንድ ፓስቲ ቢቀድም ማን ይፈርድበታል? ማታ የጾም ፓስታ፣ በመካከል ዳቦ በማርማላታ ሲጨመርበት የቀኑ ጠቅላላ ድምር ከፍስኩ ቀን ላያንስ ይችላል። ጾም የተሠራው ለሌላ ዓላማ ስለሆነ በሚዛን መመዘኑን በበኩሌ አልወደውም፤ የምለው፣ ጾሙ በራሱ ኪሎ ያወርድልኛል ብሎ የጠበቀ ሰው ባይሳካለት ስንፍናውን ከመውቀስ በፊት የዘይት ጠርሙሱን ይይ ነው።

ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ዶሮ ወጡ፣ ድፎ ዳቦው፣ ክትፎውና ጠላው ከሁለት ቀን በኋላ በሚዛን ላይ ሁለት ኪሎ ሆነው ሲታዩ፣ የወራት ልፋት በአንድ በዓል የፈረሰ ይመስላል። እዚህ ላይ ያ 7,700 ካሎሪ መልሶ ይጠቅማል፤ ሁለት ኪሎ እውነተኛ ስብ ለመጨመር ሰው ከሚያስፈልገው በላይ 15,400 ካሎሪ መብላት አለበት፤ ይህ ደግሞ በጣም ለሚበረታ ጉሮሮም በሁለት ቀን የሚሞከር አይደለም። አብዛኛው ከነውኃው ተመልሶ የሞላ ግላይኮጅን፣ ጨው የያዘው ውኃና ገና አንጀት ውስጥ ያለ ምግብ ነው፤ ሰው ወደ ተለመደው ገበታው ከተመለሰ በሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይወርዳል። የሚያስፈራኝ በዓሉን ተከትሎ የሚመጣው «አንዴ ተበላሽቷል» የሚል ስሜት ነው፤ ምክንያቱም ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ ሠርግም ይበዛል፣ ስለዚህ ያ ስሜት የሚዘልቅበት ሰፊ ጊዜ ያገኛል። የራሴን ሂደት የምመለከተው ጾሙንና ፍስኩን አብሬ በመያዝ፣ ዓመቱን ከዓመቱ ጋር በማስተያየት ነው።

ሌላው ትዕግሥት የሚፈታተን የሰው ዓይን ነው። ቀስ ብሎ የሚቀንስ ሰው ለወራት ምስጋና አያገኝም፤ ልዩነቱ የታየ ዕለት ደግሞ ከምስጋና ይልቅ ስጋት ይቀበለዋል። «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» የምትል አክስት የሌለችው ሰው ያለ አይመስለኝም። ቦርጭ የደኅንነትና የሀብት ምልክት ሆኖ በቆየበት፣ የኤችአይቪ ክፉ ዘመንም መክሳትን ከሞት ዜና ጋር ባቆራኘበት አገር ይህ ስጋት ከፍቅር የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ አልቆጣም። አክስቴ በገዛ እጇ የምታጎርሰኝን ጉርሻም አልመልስም። ብቻ ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ «እታባዬ፣ ስኳር እንዳይዘኝ ብሎ ሐኪም ከልክሎኛል» እላታለሁ፤ ለዘመድ ከ«መቅጠን እፈልጋለሁ» ይልቅ የሐኪም ትእዛዝ ይከበራል፤ ደግሞም እውነት ነው።

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጡትን የቦርጭ ማጥፊያ ሻዮች ብዙ ልከራከርባቸው አልፈልግም፤ የሚያስቀምጡት ሻዮች የሚያወጡት ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። ይልቅ በእውነት ስለሚሠራው መድኃኒት አንድ ነገር ልበል። ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ሰፊ ጥናት ተጠቃሚዎቹን በአማካይ 15 ኪሎ ገደማ አስቀንሷል፤ ይህም ትልቅ ውጤት ነው። የፈጀው ጊዜ ግን 68 ሳምንት ነው። ሲካፈል በሳምንት ሩብ ኪሎ እንኳ አይደርስም። ዓለም የሚያወራለት መርፌ በዚህ ፍጥነት ከሄደ፣ በእግር ጉዞና በዘይት ልኬታ ብቻ የሚታገል ሰው በሳምንት ሁለት ኪሎ ካልወረደልኝ ብሎ ራሱን ባያሰቃይ መልካም ነው።

ከዚህ ተነሥቼ «ቀስ ብሎ የቀነሰ መልሶ አይወፍርም» እንዳልል ግን አንድ ጥናት ይከለክለኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው የሜልበርን ጥናት ከ200 ሰዎች ግማሾቹ በ12 ሳምንት፣ ግማሾቹ በ36 ሳምንት እንዲቀንሱ ተደርጎ ነበር። ዒላማቸውን የመቱት ሰዎች ለሦስት ዓመት ያህል ሲታዩ ሁለቱም ወገኖች ከቀነሱት 70 በመቶ ያህሉን መልሰውታል። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2011 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ክብደት ከተቀነሰ ከዓመት በኋላም የረሃብ ሆርሞኖች ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዳልተመለሱ አሳይተዋል። ስለዚህ መዘግየት በራሱ በረከት አይደለም፤ ብዙዎቻችን ሥራችንንና ቤተሰባችንን ይዘን ልንሄድበት የምንችለው ፍጥነት ስለሆነ ብቻ ነው የምመርጠው። ምግቤን ስቀንስም «ይህንን ከአምስት ዓመት በኋላ አደርገዋለሁን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዘይቱን በማንኪያ መለካት፣ ለስላሳውን መተው፣ እሑድ ጠዋት በእግር መውጣት ይህንን ጥያቄ ያልፋሉ። እራት ጨርሶ መተው በእኔ ቤት አያልፍም፤ ልጆች ሲበሉ አፌን ዘግቼ መቀመጥ አልችልም።

ሐኪሙ ስኳሬን በአንድ ጠዋት ልኬት አይፈርድም፤ የሦስት ወሩን አማካይ ይጠብቃል። ክብደቴንም በዚያው መንገድ መያዝ ጀምሬያለሁ፤ የጠዋት ቁጥሮችን ስልኬ ላይ እጽፋለሁ፣ የወሩን አማካይ አወጣለሁ፣ ከዚያ በፊት ካለው ወር ጋር ብቻ አስተያያለሁ። ወገቤን ደግሞ በልብስ ሰፊ ሜትር እለካለሁ፤ ሚዛኑ ውኃ ይዞ በሚቆምባቸው ሳምንታት ሜትሩ አንዳንድ ጊዜ ይቀድመዋል።

ትዕግሥትም ቢሆን ልክ አለው። የወር አማካዩ ለሦስት ወር ፈቀቅ ካላለ በመጀመሪያ የሚፈተሸው ሳይታወቅ ተመልሶ የገባ ምግብ ነው። ከዚያ ውጭ ከሆነ ሐኪም ማየት ይገባል፤ የታይሮይድ ዕጢ መዳከም በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል፤ እንደ ፕሬድኒሶሎንና ኢንሱሊን ያሉ መድኃኒቶችም ክብደት ይጨምራሉ፣ ምንም እንኳ ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጣቸው ከውፍረቱ የከፋ ቢሆንም። በተቃራኒው ምግቡንም እንቅስቃሴውንም ሳይለውጥ ኪሎው በፍጥነት የሚወርድ፣ ውኃ ጥም የበረታበት፣ ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ ሰው ካለ፣ ደስ ሳይለው በዚያው ሳምንት ስኳሩን ይለካ።