ልብስ ፍለጋ ወጥቼ አህመዳባድን አየኋት

ህንድ ነው የተማርኩት ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ታጅ ማሃልን አየሽው?» ብሎ ነው። እሱ ያለው አግራ ነው። እኔ የነበርኩት ጉጃራት፣ መሃላቸው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በባቡር የሚኬድ መንገድ ነው። ስለ አህመዳባድ ግን ጠይቁኝ። በተለይ ወደዚያ ለትምህርት ለመሄድ ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ያላችሁ ልጆች፣ ይህንን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ነገሩ የመጣው በናቭራትሪ ምክንያት ነው። ለእናት አምላክ የሚከበር የዘጠኝ ሌሊት በዓል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ይውላል። በእነዚያ ሌሊቶች ጉጃራት አይተኛም። ትንሽ ትልቁ ክብ ሠርቶ ጋርባ ይጨፍራል። ጋርባ በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው)። የክፍሌ ልጆች ጋበዙኝና «በጂንስ ግን እንዳትመጪ» አሉኝ። በቃ፣ ቻኒያ ቾሊ መግዛት ነበረብኝ።

ቻኒያ ቾሊ ሦስት ነገር ነው። ቻኒያው ወገብ ላይ በገመድ የሚታሰር በጣም ሰፊ ጉርድ ነው። ቾሊው አጭር ነው፣ እንብርት ላይ አይደርስም፣ ጀርባው ብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ በክር ይታሰራል። ሦስተኛው ኦድኒ ነው፤ እንደ ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል ይደረግና ጫፉ ወገብ ላይ ይሻጣል። ወንዶቹ ደግሞ ኬዲዩ ይለብሳሉ፤ ደረቱ ላይ ተሸብሽቦ ከታች የሚዘረጋ ባለጥልፍ ሸሚዝ ነው፣ ከላይ ጥምጥም አለው።

ሞል ገብቼ በአንድ ሰዓት ገዝቼ መውጣት እችል ነበር። ግን ከተማዋንም አላየኋትም፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ላድርጋቸው ብዬ አሰብኩ። ማየት የምፈልገውን ቅርስ ሁሉ ከጨርቅ ገበያው ጋር አያያዝኩት። ይህ አህመዳባድ ላይ በደንብ ይሠራል፤ ቅርሱና ገበያው እዚያ ግድግዳ ይጋራሉ። የከተማው ሰዎች ራሳቸው «አህመዳባድ በሦስት ክር ላይ ነው የተንጠለጠለችው፤ በጥጥ፣ በሐርና በወርቅ» ይላሉ። በ1411 በሱልጣን አህመድ ሻህ ተቆረቆረች፣ በ1861 የመጀመሪያው የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ተከፈተባት፣ ከዚያ በኋላ ፋብሪካው በዝቶ በእንግሊዟ የጨርቃጨርቅ ከተማ ስም የህንድ ማንችስተር ተባለች። በ2017 ደግሞ አሮጌው ከተማ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ከህንድ ከተሞች የመጀመሪያዋ ናት።

የጀመርኩት በጠዋቱ የእግር ጉዞ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከ1997 ጀምሮ የሚያካሂደው ነው። ካሉፑር ካለው የስዋሚናራያን ቤተ መቅደስ ይነሳና ጃማ መስጊድ ላይ ያበቃል። አንድ ምክር፦ ይህንን ጉዞ በመጀመሪያው ሳምንታችሁ አድርጉት። ብቻችሁን ብትገቡ መንገዱ ይጠፋባችኋል፤ ምክንያቱም አሮጌው ከተማ የተሠራው በፖል ነው። ፖል ማለት አንድ በር ያለው፣ ውስጡ ጠባብ መንገድ እየተጠማዘዘ የሚሄድ፣ ድሮ አንድ ዘመድ ወይም አንድ ሙያ ያለው ሰው አብሮ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ቤቶቹ ከፊት የተጠረበ እንጨት አላቸው፣ ዓምዱ ሁሉ አበባና ወፍ ነው። ደጃፉ ላይ ኦትላ የሚሉት ከፍ ያለ መቀመጫ አለ፣ ሴቶች ምስር እየለቀሙ ሰፈሩን የሚቆጣጠሩት ከዚያ ላይ ነው። መሃል ላይ ቻቡትሮ ይቆማል፣ እንጨት ዓምድ ላይ ያለች የወፎች መመገቢያ ናት። ከአንዳንዱ ግቢ ሥር ደግሞ ታንካ አለ፤ የዝናብ ውሃ ከጣሪያ ወርዶ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ። አስጎብኚው በአንዲት ትንሽ በር አስገብቶን በሌላ ፖል ሲያወጣን ነው «እንዴ!» ያልኩት። ጠላት ሲመጣ ማምለጫ ነበር አሉ።

ጉዞው እንዳለቀ ሌሎቹ ቁርስ ፍለጋ ሲበተኑ እኔ ወደ ራኒ ኖ ሃጂሮ ሄድኩ። የንግሥቶቹ መቃብር ነው፣ ከጃማ መስጊድ ጥቂት እርምጃ ነው። እና ዙሪያውን ሱቅ ከቦታል! ቻኒያው ተደርድሮ፣ የመዳብና የብር ቀለም ያለው አምባርና አልቦ ተንጠልጥሎ፣ የመቃብሩ ደረጃ እንኳ አይታይም። አንዳንድ ቱሪስት ይህንን ሲያይ ያዝናል፣ ቅርሱ ተበላሸ ይላል። እኔ አልተስማማሁም። ሰው የሚመላለስበት ቦታ ነው የሚጠበቀው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጨርቁን እንዴት መረጥኩ?

መጀመሪያ ገልብጬ አየሁ። ይህንን ከእናቴ ነው የተማርኩት፤ ሽሮ ሜዳ የጥለት ቀሚስ ስትገዛ ፊቱን ሳታይ ጀርባውን ነው የምታየው። ጉጃራት ላይም ይኸው ነው። ጥልፉ በእጅ ከሆነ ከጀርባ ክሩ ወጣ ገባ ይላል፤ የማሽን ከሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ትንንሾቹ መስታወቶች ዙሪያቸውን በክር ተይዘው እንደሆነ በጥፍር ፈትሹ። በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ ሁለተኛው ሌሊት ላይ መሬት ላይ ነው የምታገኙት።

ባንዳኒ ከፈለጋችሁ ሌላ ነገር ነው። ጨርቁ ነጥብ በነጥብ በክር ይታሰርና ቀለም ውስጥ ይነከራል፣ የታሰረው ቦታ ቀለም አይገባውም። ስለዚህ እውነተኛው ባንዳኒ ነጥቦቹ ትንሽ ይለያያሉ፣ ጨርቁም የተኮማተረ ነው። ልሙጥ ሆኖ ነጥቡ ሁሉ እኩል ከሆነ የታተመ ነው። የታተመ መግዛት ነውር አይደለም፣ እኔም አንድ ኦድኒ ገዝቻለሁ፤ ግን በታተመ ዋጋ።

ከዚያ የጉርዱ ስፋት። ሻጩ «ስንት ሜትር ልስጥሽ?» ይላል፣ ማለትም የታችኛው ዙሪያ። ሲሽከረከሩ የሚያምረው ሰፊው ነው። ግን ሰፊ ማለት ከባድ ማለት ነው፣ ባለጥልፉማ ጭራሽ። እኔ መካከለኛውን ያዝኩ፤ ከእኔ ጋር የገዛችው ጓደኛዬ ትልቁን ወስዳ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ወገቤን አለች። ገመዱንም ድርብ አድርጉት። ጀርባ ክፍት የሆነ ቾሊ ለመልበስ ካልደፈራችሁ ደግሞ አትጨነቁ፣ እዚያው አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊው ገበር ጨምሮ ይዘጋላችኋል።

ዋጋ ላይ ያው እንደ መርካቶ ነው፣ ተከራከሩ። እኔ ከተጠራው ግማሽ ላይ ነው የምጀምረው። እዚያ ሴት ሁሉ ቤን፣ ወንድ ሁሉ ባይ ነው፣ እህትና ወንድም እንደማለት፤ «ባይ፣ ተማሪ ነኝ» ስትሉ ፊታቸው ይለሰልሳል። ጥሬ ብር ያዙ። ሻጩ ሁሉ በስልክ ስካን ተደርጎ ነው የሚከፈለው፣ የህንድ ባንክ ሂሳብ እስክትከፍቱ ድረስ ግን እሱ ላይሠራላችሁ ይችላል።

ምሳ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጾም ላይ ከሆናችሁ «ጉጃራት ሁሉ አትክልት ነው» ብለው ይነግሯችኋል። በአብዛኛው እውነት ነው፣ ግን የእነሱ አትክልት ወተትና ቅቤ አለበት። ዳቦው ላይ ሳይቀር ቅቤ ይቀባል። ቅቤውን፣ እርጎውንና አሬራውን እንዲተውላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ወጡ ላይ ስኳር አለ፣ እሱን ቻሉት።

ከሰዓት በኋላ ላል ዳርዋጃ ወዳለው የሲዲ ሰይድ መስጊድ ሄድኩ። አደራ፣ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህንን እንዳትዘሉ። ያሠራው ሲዲ ሰይድ የሚባል ሐበሻ ነው። እኛ ትምህርት ቤት ማንም አልነገረንም እንጂ በዚያ ዘመን ከእኛ አካባቢ በባርነትም በወታደርነትም ተሻግረው የጦር አዛዥና ባለሥልጣን የሆኑ ብዙ ነበሩ። መስጊዱ የተሠራው በ1572 እና 1573 ነው፣ ልክ የሙጋሉ ንጉሥ አክባር ጉጃራትን በያዘበት ጊዜ። ትንሽ ነው፣ ከመኪና ጩኸት መሃል ነው የቆመው። ግን የኋላ ግድግዳው መስኮቶች! ከድንጋይ የተፈለፈለ ዛፍ፣ ቅርንጫፉ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ መስኮቱን ሙሉ ይሞላዋል። መስኮቶቹ ወደ ምዕራብ ስለሚያዩ ጀምበሯ ዘቅዘቅ ስትል ብርሃኑ በቅርንጫፎቹ መሃል ይገባል፣ ስለዚህ ጠዋት አትሂዱ። የመሃለኛው መስኮት ደፍን ድንጋይ ነው፤ ጦርነቱ ደርሶ ሳይጨርሱት ቀረ የሚሉ አሉ። ከተማዋ ዛፉን ምልክቷ አድርጋዋለች፣ የታወቀው የህንድ ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት አርማም ከዚያ የተወሰደ ነው። ሻይ የሚሸጥ ሽማግሌ ከየት እንደሆንኩ ጠይቆኝ ስነግረው ወደ መስጊዱ ጠቆመኝና «የአገርሽ ሰው ነው» አለኝ። ሻዩን በነጻ ሰጠኝ።

አለባበሳችሁን እዚህ ላይ አስቡ። መቅደስም መስጊድም ጫማ ይወለቃል፣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። እኔ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ኦድኒ ነበረኝ፣ ለራስም ለፀሐይም ይሆናል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ያኔ ከጥጥ ሌላ ነገር አትልበሱ።

ጨርቅ የምትወዱ ከሆነ ካሊኮ ሙዚየምን ቀድማችሁ ተመዝገቡ። በ1949 የተመሠረተ ነው፣ ዝም ብሎ ሄዶ አይገባም፣ ፎቶም ክልክል ነው። ፓቶላ የሚሉትን ሽምን ጨርቅ በደንብ ያየሁት እዚያ ነው። ድሩም ማጉም ከመሸመኑ በፊት እየታሰረ ይነከራል፣ ሸማኔው ሁለቱን ቀለም በቀለም ያገጣጥማል፣ ስለዚህ ፊትና ጀርባ የለውም። አንድ ሳሪ ወራት ይፈጃል። ዋጋው ለተማሪ የሚወራ አይደለም። ገበያ ላይ በርካሽ «ፓቶላ» የሚሏችሁ ብዙ ጊዜ ማጉ ብቻ የተነከረ ነው። ዋናው የሚሠራው ፓታን ከተማ ነው፣ የሳልቪ ቤተሰብ ይሠራዋል። እዚያው ከተማ ራኒ ኪ ቫቭ አለ፤ የ100 ሩፒ ኖት ጀርባ ላይ ያለው ባለደረጃ የውሃ ጉድጓድ ነው። ያን ያህል መሄድ ካልቻላችሁ አዳላጅ ያለው ጉድጓድ ቅርብ ነው፣ አምስት ፎቅ ወደ መሬት የሚወርድ፣ በ1490ዎቹ መጨረሻ የተሠራ። ወደ ታች ስትወርዱ ሙቀቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ጋንዲ የኖረበትን የሳባርማቲ አሽራምንም አየሁ፣ መግቢያው በነጻ ነው። በ1930 የእንግሊዞችን የጨው ሕግ ተቃውሞ የጨው ጉዞውን የጀመረው ከዚያ ነው። ክር መፍተያውን ሳይ አያቴና እንዝርቷ ትዝ አሉኝ፣ ካዲ የሚሉት በእጅ የተፈተለ ጥጥም ፈትላችንን ይመስላል።

ሌሊቱ ሲደርስ ትልልቁን ሜዳ ትቼ የክፍል ጓደኛዬ ቤተሰብ ወዳለበት ፖል ሄድኩ። ትልቁ ሜዳ ትኬት አለው፣ ግፊያም አለው። የሰፈሩ ጋርባ በነጻ ነው፣ አሮጊቶቹም እጃችሁን ይዘው ያስተምሯችኋል። ከውጪኛው ክብ ጀምሩ፣ ውስጠኛው ፈጣኖቹ ናቸው። መጀመሪያ ጭብጨባውን ያዙ፣ እግር ይከተላል። ኦድኒውን ቢያንስ ሦስት ቦታ በመርፌ ቁልፍ ያዙት፣ ካልሆነ የሰው አምባር ይጎትተዋል። የሚጨፈረው በባዶ እግር ነው፣ ማታ ሞቅ ባለ ውሃ ንከሩት። ጉርዱን ደግሞ ለብቻው እጠቡት፣ ቀዩ ቀለም ይለቃል።

መቸኮል ከሌለባችሁ በዓሉ ካለፈ በኋላ ግዙ። ሻጩ እስከሚቀጥለው ዓመት ከሚያስቀምጠው ይቀንስላችኋል። ለወንድሜ ኬዲዩ የገዛሁት ያኔ ነው፤ ለአንድ ሰርግ እለብሰዋለሁ ብሎ እስካሁን እያስፈራራን ነው።