በነፃ ነው እማማ፣ ይግቡ

ዛሬ ጅማ፣ ባህል ማዕከሉ በር ላይ አንዲት በቆሎ ጠባሽ እናት "መግቢያው ስንት ነው?" ብለው ጠየቁ። "በነፃ ነው እማማ፣ ይግቡ" አላቸው ጥበቃው። አላመኑትም፤ ደግመው ጠየቁ።

ግቢው ውስጥ አንድ ወጣት ቃል ሳይተነፍስ ከአንድ ግንድ ባለሦስት እግር በርጩማ ይፈለፍላል። ትርኢቱ ይኸው ነው። ሁላችንም ስልካችንን ደቅነን እናያለን። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ፍቅፋቂውን አነሱ፣ አሸተቱት፣ "ዋንዛ ነው" አሉ። ልጁ መሮውን አስቀምጦ ቀና አለ። ፊቱ ሲበራ ብታዩት!

በኋላ አስጎብኚው ጅሬን ስላለው፣ አብዛኛው በእንጨት ስለተሠራው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሲያስረዳ ከሁሉ በላይ የሚጠይቁት እሳቸው ነበሩ።

እንዲህ ያሉ እናቶች በየቀኑ በዚያ በር ሳይገቡ ያልፋሉ። የማዕከሉ ኃላፊዎች፣ ነፃ መሆኑን በሩ ላይ በትልቁ ጻፉልን፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። ገበያ ድረስ ሄዳችሁም ንገሩ።