ግራይንደር ካልገባበት እሺ

አሮጌ ቮልስ ያለው ሰው አማካሪ አያጣም። ሰሞኑን ሰፈር ውስጥ ስለኔ መኪና ሞተር ሐሳብ የሌለው ሰው የለም። ጎረቤቴ ሐሳብ አለው፣ ታናሽ ወንድሜ ሐሳብ አለው፣ የሚያጥባት ልጅ እንኳን «ብሮ፣ ኤሌክትሪክ አርጋትና ተገላገል» ይለኛል። ይሄ ሁሉ የመጣው መካኒኬ ሞተሩ አልቆለታል ካለኝ በኋላ ነው።

እንዴት እንዳሳየኝ ልጻፈው። ሞተሩ ጠፍቷል። የኋላ ኮፈኗን ከፈተና ጎንበስ ብሎ ታች ያለውን፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌ በሁለት እጁ ያዘው። ወደ ራሱ ሳበው። መልሶ ገፋው። ቷ! አለ። ደገመው። ቷ! «ሰማህ?» አለኝ። እንዴት አልሰማም። ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ወደፊትና ወደኋላ እንዲንቀሳቀስ የሚፈቀድለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ ገደማ ብቻ ነው፣ እንዲህ በእጅ ሲገፋ የሚጮህ ከሆነ የተቀመጠበት ቤት ተበልቷል ማለት ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ልጄ፣ ይሄን ከምታሳድስ ሌላ ብንገጥምላት ይሻልሃል» አለኝና ወደ ሌላ መኪና ሄደ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል ነች። 1300 ሲሲ ሞተር፣ 40 የፈረስ ጉልበት፣ 6 ቮልት። አባቴ ከሰው ላይ ነው የገዛት። አባይ በረሃን ወርዳ ወጥታ ጎጃም ደርሳ ተመልሳለች፣ እሱም ቢሆን ይሄን ታሪክ ሲያወራ ትንሽ ይኮራል። ግን ስለ ሞተሩ ስጠይቀው ምንም አልተጨነቀም። «ብረት ናት እኮ፣ የሚሆናትን ግጠምላት» አለ። እኔ ነኝ እንግዲህ ከባለቤቱ በላይ የማለቅሰው።

ደግሞ እውነቱን ለመናገር «ኦሪጅናል» የሚባለው ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ብዙም አይሠራም። የኔዋ ቀለሟ ኦሪጅናል አይደለም። ካርቡሬተሯ ከሌላ ቮልስ የተፈታ ነው። የፊት መብራቶቿና የአንድ በኩል በሯ ከየት እንደመጡ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። እዚህ መኪና ቆማ የኖረችው ሶማሌ ተራ በተገኘ ዕቃ ነው፣ እንጂ እንደ አውሮፓ ሰብሳቢዎች የእያንዳንዱን ብሎን ቁጥር በካታሎግ እያመሳከርን አይደለም። ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረላት ላሜራዋ፣ ሻንሲዋና ይሄ የሚንኳኳው ሞተር ነው። ሊብሬዋ ላይም የሻንሲና የሞተር ቁጥሯ ዛሬም ከብረቱ ጋር ይገጥማል። ሞተር ቀየርክ ማለት ሊብሬም ልታስቀይር ነው፣ የአዲሱን ሞተር ምንጭ የሚያሳይ ወረቀት ይዘህ ቢሮ ለቢሮ መዞር ነው። ይሄ ብቻውን ግማሹን ሰው ተስፋ ያስቆርጣል።

የቀረቡልኝ ሐሳቦች ሦስት ናቸው።

አንደኛው 1600 መግጠም ነው። የዚያው የቮልስ ቤተሰብ፣ 50 የፈረስ ጉልበት። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው፣ ማውረዱ ቀላል ነው። እኔም ይሄኛውን ወድጄው ነበር። ከዚያ መካኒኬ በመሀል አንዲት ነገር ጣል አደረገ። የኔዋ የፍሪሲዮን ቤት ለ6 ቮልቱ ፍላይዊል (ከክራንክሻፍቱ ጋር ለሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) የተሠራ ነው፣ ከ1600ው ጋር የሚመጣው የ12 ቮልቱ ደግሞ በዲያሜትር ይሰፋል፣ ስለዚህ ውስጡን በግራይንደር መላጥ ያስፈልጋል። «አስር ደቂቃ አይፈጅም» አለ። ሥራው አስር ደቂቃ ላይፈጅ ይችላል። የተላጠው ብረት ግን አይመለስም።

ሁለተኛው የወንድሜ ሕልም ነው። የጃፓን ሞተር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ «እንደ ሰው መኪና የምትሄድ»። ይሄን ነገር ውጭ አገር በደንብ የሚሠሩት አሉ፣ ሱባሩ ሞተር ያለባቸው ቮልሶች በየቪዲዮው አይተናል። ግን ቮልስ የምትቀዘቅዘው በንፋስ ነው፣ ራዲያተር የት ይቀመጣል? የፊት ላሜራዋ ይቆረጣል፣ ቱቦ ከፊት እስከ ኋላ ይዘረጋል፣ የሞተር ቤቷም ይሰፋል። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ደግሞ ፍሬኗ ያው ፍሬን ነው። አራቱም ጎማ ላይ ከበሮ። ወንድሜን «ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በዚያ ሞተር ስትወርድ በምን ልታቆማት ነው?» አልኩት። «ፍሬንም እንቀይራለን» አለ። እሺ። ከዚያ የኋላ አክስሏስ? በድሮው አሠራር ኩርባ ላይ ስትፈጥን የኋላ ጎማዋ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ 40 ፈረስ እያላት እንኳ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እሱንም እንቀይራለን ይላል። ታዲያ ከቮልሷ የሚቀረው ምኑ ነው? ጣሪያው?

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው፣ እውነት ለመናገር እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው። የሚያጥባት ልጅ ሲናገር ሳቅኩበት እንጂ ሐሳቡ የጅል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ ላይ ታርጋው አዲስ የሆነው ሁሉ ድምፅ የሌለው መኪና ነው። የቤንዚን ሰልፉንም እናውቀዋለን። ከሁሉም በላይ ግን የከተማችን ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ የቤንዚን ሞተር ደግሞ ጉልበቱ በሚስበው አየር ልክ ነው። ፋብሪካ 40 ብሎ የጻፈላት መኪና እዚህ የምትኖረው በ30 ገደማ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፣ እንጦጦም ላይ ያው ጉልበቱ ነው።

ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሌላ ድርጅት ጋር ሆኖ አንድ አሮጌ ቮልስ ኤሌክትሪክ አድርጎ አሳይቷል። 82 የፈረስ ጉልበት፣ በአንድ ቻርጅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ያምራል። ግን ክብደቷ 1,280 ኪሎ ሆነ። የኔዋ 800 ኪሎ አትሞላም። ግማሽ ቶን ያህል ባትሪና ብረት ተጨምሮባት፣ ፍሬንና አክስል ተስተካክሎላት ነው እንግዲህ። እኔ ጋ ሲመጣ ደግሞ ባትሪው ብቻ ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጥ ይሆናል።

እየቆየሁ የገባኝ፣ የኔ ጥያቄ ኦሪጅናል ነው አይደለም የሚለው አይደለም። ጥያቄው በመፍቻ የሚመለስ ነው ወይስ አይመለስም ነው። በብሎን የገባ ነገር በብሎን ይወጣል። ነገ ልጄ ወይም የሚገዛት ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ይፈታዋል፣ ጨርሶ። የተቆረጠ ላሜራ ግን ለሚመጣውም ሰው የተወሰነ ውሳኔ ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው። ቁጥሯ 21,529,464። ከዚያ በኋላ ማንም አዲስ አይሠራም። ያን ያህል ሚሊዮን ተሠርቶ እዚህ አገር በየግቢው ሣር የበቀለባት እንጂ መንገድ ላይ የምትሄድ ስንት አለች?

ስለዚህ የኔ ሕግ ይቺ ናት፦ ግራይንደር ካልገባበት እሺ። ኤሌክትሪክም ቢሆን፣ አንድ ቀን አቅሙ ኖሮኝ ካምቢዮው ላይ በብሎን የሚታሰር ከሆነና ባትሪው ምንም ሳይቆረጥለት የሚቀመጥ ከሆነ፣ እምቢ አልልም። አሮጌውን ሞተር ጠቅልዬ ቤት አስቀምጣለሁ። ለጊዜው ግን ያንኑ 1300 ማሳደስ ነው።

መካኒኬ ይሄን ስነግረው ገንዘቤን ሊያተርፍልኝ ፈልጎ እንደነበር በሚያስታውቅ ፊት አየኝ። ቆየት ብሎ ግን እሱም ተነቃቃ፣ «እንግዲያው ዘይት ማቀዝቀዣውን እናሻሽለዋለን» አለ። ልክ ነው። በድሮው ሞዴል ማቀዝቀዣው የቆመው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው ንፋስ መንገድ ላይ ነው፣ ሦስተኛው ሁልጊዜ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፣ ቫልቩም ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ጋ ነው። ፋብሪካው ይሄን ያስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1971ዱ ሞዴል ነው። የዚያ ዘመን የንፋስ ቤትና ማቀዝቀዣ የኔዋ ላይ በብሎን ይገባል፣ ቆርቆሮ አይቆረጥም። በኛ ስስ አየር ለሚሠራ ሞተር ከ10 ፈረስ በላይ ይሄ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ።

ሞተሩ ወርዶ ተከፍቷል። የቆረጣ ሥራ የሚሠራው ሰውዬ ቤቱን ለክቶ «ይስተካከላል፣ ለአንድ ዙር ይበቃዋል» ብሎኛል። የቀረው ፒስተን ነው፣ የ77 ሚሊሜትር። ሶማሌ ተራ ብዙው ያለው የ1600ው፣ ሰፊው ነው። አንዱ ባለሱቅ ከመደርደሪያ ጀርባ አቧራ የጠጣ ካርቶን አውጥቶ ትክክለኛውን 77 አሳየኝ። ደስታዬን ሊያይብኝ አልፈለግኩም፣ ዋጋ ይጨምራል። ካርቶኑን ስገለብጠው ሦስት ነው። «አራተኛውስ?» ስለው «አንተ ቀብድ ጣል፣ እኔ አፈላልግልሃለሁ» አለኝ። ጣልኩ። ወንድሜ ይሄን ሲሰማ በሳቅ ሞተ፣ ከዚያ የሱባሩ ሞተር ቪዲዮ ላከልኝ።